የ702 ካሜራ

አውሎ ነፋሱ ካለፈ ሃያ ቀን ሆኖታል። የታይዋኗ ካኦሹንግ ከተማ ሕንጻዎች የተሰበረ መስታወታቸውን አስገጥመው ጨርሰዋል። ዌንሻንግ ግን የእናቱ ቤት ካሜራ መጥፋቱን ያወቀው ዛሬ ጠዋት፣ ዋና ከተማዋ ታይፔ ባለው ቢሮው ተቀምጦ ነው። ወዲያው የሕንጻው የኔትወርክ ባለሙያ ቺንዬ ጋ ደወለ።

«ሠራተኛዋ ናት ያጠፋችው» አለ። «ጉዷን እንዳላይባት ነው።»

«ጋሼ፣ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የሕንጻውን የኢንተርኔት ሳጥን ቀይረናል። ካሜራው በድሮው አይፒ አድራሻ ቀርቶ ይሆናል። አዲስ እሰጠዋለሁ፤ ስልክህ ካሜራውን የሚያገኘው በእሱ ነው።»

«አንተ ደግሞ ጠበቃዋ ሆንክ?»

ጠበቃዋ እንኳ አልነበረም፤ ከሰላምታ በቀር አነጋግሯት አያውቅም። ሱሚያቲ ከኢንዶኔዥያ መጥታ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ 702 ውስጥ፣ የዌንሻንግን እናት ወይዘሮ ሉዎን ስታጥብና ስታበላ አራት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ከተባረረች ያስቀጠራት ኤጀንሲ በሳምንቱ ወደ አገሯ ይሰዳታል። ልጇ እሷ በምትልከው ገንዘብ ነርስነት ተምራ ለመጨረስ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ያም በዚያው ያበቃል።

ቺንዬ ምድር ቤት ካለችው ክፍሉ ሆኖ መዝገቡን ገለጠ። አረጋዊ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ካሜራ ነው ያለው። እያንዳንዱ ፋብሪካው ያተመበት የራሱ ቁጥር አለው፤ አድራሻ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። ቁጥሩን ጻፈ፣ ለካሜራው አዲሱን አድራሻ ላከለት፣ ምስሉ መጣ። ደቂቃም አልፈጀበትም።

«ገባልህ ጋሼ?»

ዌንሻንግ ምስሉን አጉልቶ አየ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ።

«አጥንቷ ብቻ ነው እኮ የቀረው። መነጽር ማድረግ የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? ያን መጋረጃስ ማን ሰቀለው? ልጅቷ ቤቱን የራሷ አድርጋዋለች።»

አለቀሰ። ከምሩ አለቀሰ። እዚያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ከሁለት አዲስ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔም የመኪናውን ሞተር አላጠፋም።

የቺንዬን መስመር ሳይዘጋ በሌላ ስልኩ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ ሱሚያቲ ጋ ደወለ።

«እናቴ የት ናት?»

«እዚሁ ናቸው ጌታዬ። የዓሳ ገንፏቸውን በልተው ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ነው።»

«ውሸታም። በካሜራ እያየኋት ነው። ብቻዋን ነው የተቀመጠችው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ አጠገባቸው ነኝ።»

«ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ቺንዬ አፈረላት። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትዋሽ ኖራለች ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ስምንት ሰዓት ላይ የኤጀንሲው መኪና መጣ። ሱሚያቲ ሻንጣዋን እየጎተተች ቺንዬ ያለበት የሕንጻው በር ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ መድኃኒታቸውን ከጭማቂ ጋር ካልሆነ አይወስዱም። ለምትመጣው ልጅ ንገርልኝ፣ እባክህ ወንድሜ።»

ቺንዬ ፊቱን አዞረባት። መኪናው ሄደ።

ሻዩን አፍልቶ ሳይቀመጥ ስልኩ ጠራ። አምስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ልጅ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው።

«ይቅርታ አስቸገርኩህ። የእማዬ ካሜራ ከጠዋት ጀምሮ ጠፋብኝ፤ ከስብሰባ እየወጣሁ ሦስቴ ሞከርኩ። መነጽሯን እንዳደረገች እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እሱን ለማየት ነበር።»

ቺንዬ መዝገቡን መልሶ ገለጠ። ጠዋት ለ702 ብሎ አዲስ አድራሻ የሰጠው ለ502 ካሜራ ነበር።