የጠፋው መስከረም

የግድቡን የውሃ ከፍታ የሚመዘግበው መሣሪያ መስከረም አንድ ትልቅ ሚሞሪ ተገጠመለት። መጋቢት ላይ ግን ከመስከረም አንዱ መዝገብ ጀምሮ በየቀኑ የአንድ ቀን መዝገብ በተራ ይጠፋ ጀመር። ሆን ብሎ የሚሰርዝ ሰው አለ ብላ፣ መሐንዲሷ ሚሞሪውን የገጠመውን አብነትን ጠመደችው።

«እኔ ምንም አልነካሁም። እስቲ ሚሞሪውን የሚያዘውን ድራይቨር እዪው» አላት።

«ደግሞ ድራይቨሩ ምን አደረገህ?»

ክስ ጽፋ አስባረረችው፤ የመሣሪያውን ክፍል ቁልፍም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ የመስከረም አምስት መዝገብም ጠፍቶ ጠበቃት።

ሚሞሪውን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከፈተች። መቁጠር የሚችለው የሚሞሪውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹ ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በአሮጌው መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከጎኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ «ከዚህ የሚበልጥ ሚሞሪ ማን ይገዛል?»

ከሥሩ የራሷ ስም።