ከጎረቤት የሚቀዳ ውሃ

ግልገሉ ከመቅደሱ ደጃፍ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልሄድም ይላል። ሚካ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ትጎትተዋለች። ከኋላዋ ተራ የምትጠብቀው ጎረቤቷ ጎርጎ በማር የተለወሰ ቂጣዋን ከዝንብ እየተከላከለች ትስቃለች።

«አንቺ፣ ፍየሉ እንኳ ምን እንደሚጠብቀው ገብቶታል። በይ ግፊው፣ ቂጣዬ ደረቀ!»

ካህኑ ቴሌሲያስ ከውሃው ገንዳ አጠገብ ተቀምጧል። የሚገባውን ሁሉ የሚጠይቀውን ይጠይቃታል።

«ልጄ፣ ቤትሽ የሞተ ሰው አለ?»

የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ሐዘንተኛ ደጁን እንዲረግጥ አይፈቅድም። የሚካ ባል የፎርሚዮን ጀልባ ወይን ከተለቀመ በኋላ ወጥታ አልተመለሰችም፤ ባሕሩ ዳርቻ የተገኘው መቅዘፊያው ብቻ ነው። አማቷ በዚያው ቀን ገንቦ አንሥታ ወደ ጎረቤት ልትሄድ ነበር። ሞት የገባበት ቤት ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ፣ ሊያስተዛዝን መጥቶ የሚወጣ ሰው የሚታጠብበት ውሃ ከሌላ ቤት ተቀድቶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ሚካ ገንቦውን ነጠቀቻት። ግልገሉንም ያመጣችው አምላኩ ባሏን እንዲመልስላት ነው።

«የለም» ትላለች።

«አማትሽ እንደዚያ አላለችኝም።»

«እሷ ተስፋ ቆርጣለች።» ገመዱን ታጠብቃለች። «አባቴ፣ ሞቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ አምላኩ አጠገቡ ይሆን ነበር?»

«አይሆንም» ይላል ካህኑ። «አማልክት አይሞቱም፤ ሞት ያረክሳቸዋል። በጣም የሚወዱትን ሰው እንኳ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ከክፋት አይደለም፣ ተፈጥሯቸው ነው።»

«በየዓመቱ የሚይዘውን የመጀመሪያ ዓሣ ያመጣለት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም በልቼለታለሁ።»

«ታዲያ ማን ነበር አብሮት?»

ቴሌሲያስ ነጽታ እንድትገባ እጇን እንድትነክር ገንዳውን በአገጩ ያሳያታል። ሚካ ውሃውን ታየዋለች፤ ነፋስ የለም፣ ውሃው ረግቶ ተኝቷል። እጇን ወደ ቀሚሷ ትመልሳለች።

ከዚያ ገመዱን ታላላና ዞር ትላለች።

«ጎርጎ፣ ገንቦ ይዤ ልምጣ? ከቤትሽ ውሃ ትሰጪኛለሽ?»

ጎርጎ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። ቂጣውን መከላከል ትታለች፤ ዝንቦቹ ማሩ ላይ ሰፍረዋል።