የሐሙስ መርፌ ቁልፍ

ማንድሎቩ ለሐሙሱ የቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት የደንብ ልብሷን፣ ቀይ ሸሚዟንና ነጭ ኮፍያዋን፣ አድርጋ ልትወጣ ስትል፣ ባሏ ቤኪ ከአንገትጌዋ ላይ መርፌ ቁልፏን መንጭቆ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን ባትሪ ይጎረጉር ጀመር።

«ሰሞኑን እምቢ ብሎኛል። ጉንጬ እስኪሰረጉድ ብስበውም ጢሱ አይመጣም።»

«በብረት አትነካካው፣ ሾርት ያደርጋል። ደግሞ መጀመሪያ አጥፋው።»

«አንቺ መዝሙርሽን ዘምሪ! ሴትና ባትሪን ምን አገናኛቸው?»

ወዲያው ባትሪው ጠሽ ብሎ ብልጭ አለ። ቤኪ ሁሉንም ጥሎ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። እሷ ባትሪውን አንስታ አጠፋችው፤ በክብሪት እንጨት የመሃሉን ብረት ቀስ ብላ ከፍ አደረገችው። ሲጋራውን መልሳ ገጥማ፣ አብርታ ሳበችና ጢሱን በአፍንጫዋ ለቀቀችው።

ቤኪ ጣቱን እንደጎረሰ ቀረ።

«የአየር ማስገቢያውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ» አለችው፣ መርፌ ቁልፏን መልሳ እየሰካች። «እኔ ስስበው ጠበቅ ሲልልኝ ነው የምወደው። ሳንባህ እንዲህ ልፍስፍስ መሆኑን መች አውቄ!»