ጥቁር ሂና
አሰበች መተማ ዮሐንስ ካለችው የጥፍር ማስዋቢያ ቤቷ ገብታ የታናሽ እህቷን እጅ ስታይ ክው አለች። ልጅቱ ጣቶቿን እስከ አንጓቸው ጥቁር ሂና ተቀብታለች።

"ምነው፣ ሳንሰማ ተዳርሽ እንዴ?" አለቻት፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

"ሱዳኖቹ ደንበኞች ይወዱታል ብዬ ነው፣ እትዬ።"

እናንተዬ፣ አሰበች ይህን ውሸት ታውቀዋለች። አምና ለሥራ የምትነካካው የጥፍር ቀለም ጄል ጣቶቿን አሳክኮ፣ አቁስሎ ሲልጣት፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ በሂና ሸፍና፣ ይህንኑ ቃል ተናግራ ነበር። ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዳትነኪው" ሲላት ነው ሥራውን ለእህቷ ያስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም እንጀራ በዚህች ልጅ ጣቶች ላይ ነው።

"እስቲ እጅሽን።"

"ተይው እትዬ፣ ይበላሽብኛል።"

ያዘቻት። አውራ ጣቷን ቀስ ብላ ዳበስ ስታደርገው፣ ጥቁሩ ቀለም ከነቆዳው ተላጠና ቀይ ሥጋዋ ታየ። ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች።

በሩ ተንኳኳ። በቀጠሮዋ የመጣች ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር ውጭ ትስቃለች።

"ልክፈት?" አለች ልጅቱ።

"ቆይ።"

አሰበች ከመሳቢያው አምና ከራሷ የተረፈውን ሂና አወጣች። የተላጠውን ቦታ መልሳ ቀባችላትና፣ ለሕፃን እንደሚደረገው፣ እስኪደርቅ ድረስ እፍ እፍ አለችላት።