ዘጠኝ ሰከንድ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በማተሚያ ቤቱ ገጽ በምትቆጥረው ሴት ጠረጴዛ ላይ አርባ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ስልኳ፣ ሽፋኑ የተላጠ ማስታወሻ ደብተሯና አንድ ትንሽ ሣጥን ነበሩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ኤርፎን ከገዛችው ስድስት ቀን ሆኗታል። አንድም ጊዜ ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም።

ሻጩ «የአውሮፕላኑን ጩኸት ጭጭ ያደርግልዎታል፤ አሥራ አንዱን ሰዓት ተኝተው ነው የሚደርሱት፣ እናቴ» ብሏት ነበር። አሁን ግን ጉዞው ቀርቷል። ሱቁ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ዕቃ መልሶ ይወስዳል። የተያዘላት የአውሮፕላን ወንበርም ካላረጋገጠች ነገ ጠዋት ለሌላ ይሰጣል።

ያስቀራት ልጇ ነው። ውጭ አገር ሄዶ ከቀረ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ባለፈው እሑድ በላከው የድምፅ መልእክት «እማዬ፣ ዘንድሮ ባትመጪ ይሻላል፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም፣ ብቻሽን ቤት ልትቀመጪ ነው። ለከርሞ ይሁን» አላት። «እሺ የኔ ልጅ፣ አንተ እንዳልክ» ብላ መለሰች። የቀረውን በሆዷ ያዘችው።

የመመለሻ ቅጹን ሞልታ ጨርሳለች፤ የቀራት አንድ ጥያቄ ነው። «ዕቃው በትክክል ይሠራል?» ይላል።

«አዎ በያቸው በቃ፣ እትዬ!» አለ ነጎድጓድ ከማተሚያ ማሽኑ ሥር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በማሽኑ ላይ ሲጮህ ከርሞ ማንሾካሾክ ጠፍቶበታል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ «ያጥናችሁ» ሲል ሐዘንተኛው ሁሉ ይበረግጋል።

«ሳላረጋግጥ አልፈርምም።»

«አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣብሽ መታወቂያ ነው የምትጠይቂው!»

«ፎቶው ካልመሰለው አላስገባውም።»

«ደግሞ ይሄ ፍሬ የሚያህል ነገር ማሽኔን ዝም ሊያሰኘው? እኔ ለምኜው ያልሰማኝን?»

ሁለቱን ፍሬዎች አውጥታ በየጆሮዋ ከተተች፤ ሻጩ እንዳሳያትም ጎናቸውን ነካ አደረገች።

የማሽኑ ጩኸት ጠፋ። መንቀጥቀጡ አሁንም በጫማዋ ሶል በኩል ይሰማታል፤ ጉርምርምታው ግን ውኃ ከመታጠቢያ ገንዳ እንደሚወርድ ወርዶ አለቀ። ወረቀቱ ሲገለበጥ የሚሰማው ከሩቅ እንደሚመጣ ጭብጨባ ነበር። ነጎድጓድ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ።

ይሠራል። ግን አንድ ነገር ቀራት፤ የሚያሰማውንም መፈተን አለባት። ለዚህ ደግሞ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። ደብተሯን ገለጠች። የእሑድ መልእክቶች ሁሉ ከነርዝመታቸው ተመዝግበዋል፤ መጻሕፍቱን የምትመዘግበውም እንዲሁ ነው፤ ስንት ገጽ ታተመ፣ ስንት ባዶ ወጣ። የመጨረሻው መስመር «1:42። ንግግር እስከ 1:33። 9 ሰከንድ ባዶ» ይላል። ያንን መልእክት ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሁለቴ አውቶቡስ ሲጮህ በሚውልበት መዞሪያ ላይ ባለው ቤቷ፣ አንዴ እዚሁ ከማሽኑ አጠገብ።

ከፈተችው። ቃላቱ እንደ በፊቱ ናቸው። ሥራው፣ ፋታው፣ ለከርሞ ይሁን። 1:33 ላይ «ቻው እማዬ» አለ። እጇን ወደ ስልኩ ሰደደችና መልሳ ያዘችው፤ ፈተና ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ነው።

ባዶ ባለችው ውስጥ የአንድ ክፍል ድምፅ ነበረ። ወንበር ሲጥ አለ። ሰው በአፍንጫው ረጅም አየር ሳበ። ከዚያ እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ በጥፍር፣ አንድ ጊዜ በመዳፍ ተመታ፤ በጣም በቀስታ። መልእክቱ አለቀ።

ልጇ ሰባት ዓመቱ ሳለ የበሩ ደወል ጋ አይደርስም ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለት በጥፍሩ፣ አንድ በመዳፉ ያንኳኳል። ቁመቱ ከበሩ እኩል ሆኖም ደወሉን ነክቶት አያውቅም። እሷ ማን እንደሆነ እያወቀች ከውስጥ «ማነው?» ትላለች። እሱ አይመልስም። እስኪከፈትለት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ደግማ ሰማችው። ሦስተኛም አደረገችው፤ አንዴ የቆጠረ አልቆጠረም ባይ ናት። ሁለት በጥፍር፣ አንድ በመዳፍ።

«ማነው?» አለች።

ጆሮዋ ስለተደፈነ የራሷን ድምፅ አልለካችውም። አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

ነጎድጓድ ዞር አለ። «እኔ ነኛ! ማን መሰለሽ?»

ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። እጁን ዘረጋና ማሽኑን አጠፋው፤ በሥራ ሰዓት እንዲህ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም።

«ምን ሆንሽ፣ እትዬ? አይሠራም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንዴት እንደቻለበት እንጃ፣ በለሆሳስ።

«ይሠራል።»

የመመለሻ ቅጹን አራት ቦታ አጥፋ፣ የተበላሹ ወረቀቶች ከሚጣሉበት ካርቶን ውስጥ ጨመረችው። ከመሳቢያዋ ሥር የዓመት ፈቃድ መጠየቂያዋን አወጣችና በአርባዎቹ መጻሕፍት ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች። የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ጎኑ ላይ ይፈረማል። ሰረዘች፣ ፈረመች። ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«1:42። ንግግር እስከ 1:33። ቀሪው 9 ሰከንድ፣ ሦስት ምት። ባዶ፦ የለም።»