እሁድ እሁድ የሚቆለፈው የጓሮ በር

«እማዬ… አባዬ መኪናውን ሲያጥብ ለምን የጓሮውን በር ይቆልፋል?»

የስድስት ዓመቷ ልጅ ይህን ስትጠይቅ እናትየው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር… ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ።

«ውሃ እንዳይረጭሽ ነዋ» አለቻት።



ባሏ «ጋሼ» የሚሏቸው የአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሾፌር ነው።

መኪናው ጠቆር ያለ ቀይ ነው… ያረጀ ግን ያማረ፣ ሽማግሌው ከአባታቸው የወረሱት። የሚያድረው እነሱ ግቢ ውስጥ ነው።

ድሮ እሁድ ሲሆን ደጅ አቁሞ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየቀለደ፣ በአንድ ባልዲ ለቅለቅ አድርጎ ይጨርስ ነበር።

ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ።

መኪናውን ጓሮ ወስዶ ጥላ ሥር ያቆመዋል… አንድ ባልዲ ይበቃው የነበረው ሰው ሁለት ይሞላል… በሩን ይቀረቅርና ግማሽ ቀን እዚያው ይውላል።

ሲወጣ አንድ ጣፋጭ ሽታ ይሸታታል… የሳሙና ያልሆነ፣ የቤታቸውም ያልሆነ።

ምንድን ነው እንዲህ የሚያቆይህ ብትለው «አቧራው» ይላታል።

እሷም ነገር ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ መክረም ታውቅበታለች።

አንድ እሁድ ግን አላስቻላትም… በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየች።

ባሏ እጁን በስስ ፌስታል ሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የመኪናውን ኮፈን ይዳብሳል… ቀስ ብሎ… የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

ይህንን ለጎረቤቷ ባትነግራት ጥሩ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት… አንዴ ከተከፈተች ማን ይዘጋታል?

ሬዲዮ ሰምታ ሰምታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ የዋህ… ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ ቀይ መኪና ሰው ገጭቶ የጠፋው መቼ ነበር? ባለፈው ወር አይደል እንዴ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጠፋ።

ለጸሎት ትቆምና የጀመረችው ቃል ከአፏ ላይ ይጠፋባታል… በዓይኗ የሚመጣው ኮፈኑ ነው።

በቀጣዩ እሁድ ከሰዓት፣ ባሏ ውሃ ሊቀዳ ወደ ፊት ለፊቱ ቧንቧ ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጎት ነበር።

ገባች።

ከሾፌሩ ወንበር ሥር የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አገኘች… ፈታችው።

ቀይ ነው። ደርቆ የጠቆረ ቀይ።



ባሏ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲመለስ ጨርቁን ዘርግታ እንደቆመች አገኛት።

«ማንን ገጨህ?» አለችው።

«ምን?»

«የልጄ አባት… ሰውየው ተርፏል ወይስ ሞቷል? እውነቱን ከነገርከኝ ፖሊስ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ… ከደበቅከኝ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ባልዲውን አስቀመጠ።

«እስኪ አሽትቺው» አላት።

አሸተተችው… ያ ጣፋጭ ሽታ።

ደም አይደለም… የመኪና ማወልወያ ቅባት ነው። ያረጀ ቀለም በቅባት ሲታሽ ጨርቁ ላይ ይወጣል።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትደብቀኝ?»

 መኪናውን ከጥላው ገፋ አድርጎ አወጣውና ኮፈኑ ፊት አቆማት… ፀሐይዋ አዘቅዝቃ በአግድም ትመታው ነበር።

ያኔ አየችው።

ቀጫጭን ጭረት… ክብ፣ ክብ፣ ክብ… አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ። የድስት ቂጥ ሲፈተግ የሚቀረው ዓይነት። ባሏ በፌስታል ሲዳብስ በእጁ የሚፈልገው ይህንን ነበር።

ጭረቱ ኮፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል… ከዚያ ወዲያ አንድም የለም።

የባሏ ክንድ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል… መሐል ላይ የሚያበቃው ክንድ የማን እንደሆነ መለካት አላስፈለጋትም።

የራሷ ነው።

ባለፈው ወር ባሏ በትኩሳት ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር… ሲነሳ እንዳይደክም፣ መኪናው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው ብላ፣ የደረቀውን የወፍ ኩስ በድስት መፈተጊያ ሽቦ አሽታ አጠበችለት። እርጥብ ሳለ እንዴት ያብረቀርቅ ነበር… እንዴትስ ደስ ብሏት ነበር።

«ጋሼ አይተውታል?»

«አይተውታል። ማን ነው አሉኝ… እኔ ነኝ አልኳቸው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልከው ቁልፉን ታስረክባለህ አሉኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይሪልኝ ቆይተሽ፣ በዚያ ላይ መኪና ያጠብሽ ሴት… ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ጨርቁን ከእጇ ወሰደና ቀጠለ።

«ለነገሩ ድስት ቢሆን ኖሮ እንዳንቺ የሚያጥበው የለም።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ወገኖቼ… የተዘጋ በር ስናይ ከኋላው ያለው ኃጢአት ብቻ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን እዚያ ያለው የእኛኑ ጥፋት ቀስ እያለ የሚያጠፋልን ሰው ነው። ከጎረቤት አፍ ከመስማታችን በፊት ከራሱ አፍ እንስማ።

እስኪ እናንተ ብትሆኑ… የሸፈነላችሁን ሸፍናችሁ ዝም ትሉ ነበር ወይስ ትናገሩ ነበር? ከሥር ጻፉልኝ።

እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ጋቢና ገብታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

ወዴት ነው ቢላት «ንዳ» ብቻ አለችው።

ሽማግሌው ከቤታቸው ሲወጡ ከባሏ ቀድማ ወረደች… ያንን የድስት ሽቦ ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ… መኪናውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»