በጣት የዞረ ዳዶ

ዳዶው በጣት ዞረ። ተቆጣጣሪው ውሃልክ መፍቻውን ገና ሳያሳርፍበት፣ እንዲሁ ነካ ቢያደርገው ሽክርክር አለ። መሪውን ከፊት ጎማው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ ላይ ያለ ዳዶ፣ የነጂው ነፍስ የተንጠለጠለችበት፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን በሁለት ጣት ዞረ።

ከላዩ ደግሞ ቢጫ መስመር ተሰምሮበታል። የፋብሪካው ደንብ ነው፦ አዲስ መኪና ከመውጣቷ በፊት ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን ዳዶ ሲጠብቅ ቀጭ በሚለው መፍቻ ይፈትሻል፤ ቀጭ ካለለት በቢጫ ቀለም ያሰምርበታል። በግራ እጁ ስለሚሠራ የመስመሩን ጫፍ ወደ ግራ የሚቆለምመው ከተቆጣጣሪዎቹ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ራሱ። ከዓይኑ እንከን አያመልጥም ብለው ባልደረቦቹ ውሃልክ ያሉት።

ለምርመራ ወደ ፋብሪካው ተመልሳ በማንሻ ከተነሣችው መኪና ስር ቆሞ፣ ወደ ግራ የተቆለመመውን የመስመሩን ጫፍ አየ።

“ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ይሆናላ፣ እማማ” ይላል የቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ከወዲያ፣ ቅጹንና እስክሪብቶውን ይዞ። “መኪናዋ ገና አራት ወሯ ነው። ከኛ ስትወጣ እንከን አልነበረባትም።”

“ይሆናል ልጄ፣ ይሆናል” አሉ ባለመኪናዋ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። “የኔ ነገር! እኔ ቀጥ አድርጌ የያዝኳት ይመስለኛል፣ እሷ ወደ ቀኝ ትሄድብኛለች። የጎረቤቴን የግቢ በር ገጨሁባቸው። ሠላሳ ዓመት ሕፃን ሲቀበል ያልተንቀጠቀጠ እጅ ለመሪ ሰነፈ። ልጄም ‘እማዬ፣ እርጅና ነው፣ ይብቃሽ’ ብሎ ቁልፉን ወሰደብኝ። ዛሬ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ከመሳቢያው ሰርቄ ነው የመጣሁት። በስተርጅና ሌባ!”

ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልዘለቀም፤ እጆቻቸውን አገላብጠው አዩና ቦርሳቸው ስር ሸሸጓቸው።

ውሃልክ መኪናዋ የወጣችበትን ቀን አልረሳውም። ወር መጨረሻ ነበር፤ አርባ መኪና ሳይመሽ ይውጣ ተብሏል። መፍቻው ከመገጣጠሚያው መስመር ማዶ፣ ብሩሹ እጁ ላይ። “መቼም ዳዶዎቹ ጠብቀው ነው የሚመጡት” ብሎ አንዷን መኪና ሳይፈትሽ ቀባ። ከዚያ ሁለተኛዋን። ከዚያ መቁጠር ተወ።

አሁንም ቢሆን ማን ያያል? መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰካ። ሁለት ዙር ነው፤ ሁለት ዙርና ነገሩ እዚያው ያልቃል።

“እንግዲህ ‘የአነዳድ ችግር’ ብዬ ልጻፈው?” አለ ኃላፊው።

“ጻፈው” አሉ ሴትዮዋ በቀጭን ድምፅ። “እውነት አይደል?”

ውሃልክ መፍቻውን ነቀለ።

“አትጻፈው። እናቴ፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡ።”

መጡ። ከመኪናዋ ስር አስገብቶ ጣታቸውን ዳዶው ላይ አኖረው። አዞሩት፤ ዞረ።

“ይሄ እንዲህ መዞር አለበት?”

“የለበትም። ይቺ ቀለም ‘ተፈትሿል’ ማለት ናት። ሳልፈትሽ የቀባሁት እኔ ነኝ። እጅዎ ምንም አልሆነም።”

ኃላፊው ክንዱን ጨምድዶ ወደ ጥግ ጎተተው። “ምን ነካህ አንተ ሰው? አፍህን አትይዝም?”

“ይቺ በወጣችበት ቀን የወጡት አርባውም ይመለሱ” አለ ውሃልክ፣ ዓይኑን ከሲሚንቶው ሳያነሣ። “ስንቷን እንዲህ እንዳደረግኳት አላውቅም።”

“አንተ?” አለ ኃላፊው። ቁጣው ሁሉ ጠፍቶ ግራ የገባው ልጅ መሰለ። “ውሃልክ… አንተ?”

“እኔ።”

ሴትዮዋ እስኪረግሙት ጠበቀ። ቢረግሙት በቀለለው ነበር። እሳቸው ግን በቅባት የጠቆረች ጣታቸውን ብርሃን ላይ አውጥተው ያዩዋታል።

“አራት ወር” አሉ በመጨረሻ። “አራት ወር ሙሉ፣ ማንኪያ ከእጄ በወደቀ ቁጥር ልጄ ፊት አቀረቅር ነበር።”

ይቅርታ የምትለው ቃል በውሃልክ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነች።

አዋላጇ ከቦርሳቸው ስልካቸውን አወጡ፤ ደወሉና ዘረጉለት። “የነገርከኝን ለሱ ንገረው። እኔ ብነግረው አያምነኝም።”

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ።

“እማዬ” አለ ከወዲያ በኩል አንድ የሰለቸ ድምፅ፣ ሃሎ እንኳ ሳይል። “አሁን ደግሞ ምን ገጨሽ?”

ውሃልክ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም፤ ውሃልክ ከሚለው ሳይሆን እናቱ ካወጣችለት ስሙ ጀመረ።